የየሺሃረግ ጉድጓድ አይደፈንም

አቶ ባየ ወረቀቱን ይዞ የመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ዝናቡ ገና ጋብ ማለቱ ነበር፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። የጫማውን ጭቃ በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር ፈተገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ማንበብ ጀመረ። የመንደሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ወረቀት ሲይዝ ድምፁ የሌላ ሰው ይሆናል።

«በመሆኑም በግለሰቧ ጓሮ የሚገኘው የቆሻሻ ጉድጓድ አካባቢውን እየበከለ ስለሆነ፣ እስከ መጪው ቅዳሜ ድረስ…»

«ግለሰቧ ማን ናት?» አለች የሺሃረግ።

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«ታዲያ ስሜን ጥራው እንጂ። ሠላሳ ዓመት ስትጠራኝ ኖረህ ዛሬ ግለሰብ የሆንኩት በምን ምክንያት ነው?»

ባየ ወረቀቱን አጠፈው። ድምፁም የራሱ ሆነ። «እትዬ የሺሃረግ፣ ሸተተን። ነገሩ ይኸው ነው። ባለፈው እሁድ እንግዳ ጠርቼ ሰውዬው ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳብኝ። ጉድጓዱን እስከ ቅዳሜ ይድፈኑት። ካልደፈኑት እኛ መጥተን እንደፍነዋለን።»

«ና ድፈነው! ስትመጣ ግን አፈሩን በርከት አድርገው። እኔም ውስጡ ነኝ።»

ባየ ጭቃውን እየረገጠ ሄደ። እሷም በሩን ዘግታ ወደ ጓሮ ዞረች። አፏ እንጂ ልቧ ያን ያህል አልደፈረም ነበር። ሽታው እውነት ነው። ከፋሲካ ወዲህ ጉድጓዱ ይሸታል፤ ለምን እንደሚሸት ደግሞ አታውቅም። ከጉድጓዱ ጎን አምስት እንሰቶች ቆመዋል። ጉድጓዱ ከተደፈነ የሚበሉት የለም፤ ሁለት ክረምት ታግላ ከሞት የመለሰቻቸው እንሰቶች ተመልሰው ቢጫ ይሆናሉ። እነዚያ እንሰቶች ደግሞ ከወልደአማኑኤል የቀሯት ናቸው።

ወልደአማኑኤል ባሏ ነበር። ሚዛን ተፈሪ ይዟት ሲመጣ የአሥራ ሰባት ዓመት ሙሽራ ነበረች፤ ቡና ሊጭን የሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው፣ ስንት ቀን እንደፈጀባቸው ዛሬ ጠፍቷታል። ጭቃው ግን አልጠፋትም። ወልደአማኑኤል ከጉራጌ አገር፣ ከእናቱ ጓሮ፣ አራት የእንሰት ችግኝ ነቅሎ በኮባ ጠቅልሎ መንገዱን ሁሉ አቅፎ መጣ። የመኪናው ረዳት፣ «ሰው ሙሽራውን ያቅፋል፤ ይሄ ደግሞ እንሰቱን አቅፎ ሙሽራዋን ከጆንያ ጋር ያስቀምጣታል!» እያለ እስከ ሚዛን ሳቀበት። እሷም ስቃ ነበር። ልጅ ነበረቻ።

ሲደርሱ ግን እንሰት እዚህም ሞልቷል። የቤንች ሴቶች ከጓሯቸው ወጥተው ችግኙን አዩና፣ «ይሄንን ያህል መንገድ የተሸከምከው እኛ ያለንን ነው እንዴ?» አሉት። «የእናቴ ነው» አላቸው። ገባቸው። የት ቢተክለው እንደሚሻል ያሳዩት እነሱ ናቸው። አራቱም ጸደቁ፣ ከሥራቸውም ሌሎች አቆጠቆጡ።

ያኔ ሚዛን ቆሻሻ የሚባል ነገር አልነበረባትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስኳር በወረቀት ይመጣል፣ ወረቀቱ እሳት ያቀጣጥላል። ሥጋ በኮባ ይጠቀለላል፣ ቅቤም እንዲሁ። ጣሳ ኩራዝ ይሆናል፤ ጠርሙስ ከጎረቤት የሚዋሱት ዕቃ ነበር፣ የሰበረች ሴት ሳምንቱን ሙሉ ፊት ይነሷታል። የሚተርፈው አመድና ልጣጭ፣ የቤት ጥራጊና የቡና ገለባ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል። «ወደ እንሰቱ ጣይው» ይባላል፤ ማንም ምን እንደሚጥል አይጠይቅም፣ የሚጣለው ሁሉ አፈር ይሆናልና።

ከዚያ ፌስታል መጣ። የመጀመሪያዎቹን ፌስታሎች የሺሃረግ እንደ ነጠላ አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣቸው ነበር፤ አንዷን ቀይ ፌስታል ሁለት ዓመት ቤተክርስቲያን ይዛት ሄዳለች። በኋላ በዙ። ብስኩቱ በላስቲክ፣ ዘይቱ በፕላስቲክ፣ ውሃው እንኳ በሃይላንድ። እጅ ግን የለመደውን ነው የሚያውቀው። ጠርጋ ሰብስባ፣ የሰበሰበችውን ሳታይ፣ ወደ እንሰቱ ሥር። መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ነበር። ነገሩ ተለውጦ እጃቸው ሳይለወጥ ሃያ ዓመት አለፈ።

እንሰቶቹ መቀጨጭ ጀመሩ። አንዱ ዓይን በልቶት ነው አለ፣ አንዱ በሽታ ነው አለ። ወልደአማኑኤል በታመመበት ዓመት ወንበር አውጥቶ ከሥራቸው ይቀመጥና፣ «እናቴ ይህን ብታይ ታፍርብኝ ነበር» ይላል። እንደዚያ እያለ ሞተ። ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነፋስ ትልቁን እንሰት ገፍቶ ጣለው። የሺሃረግ ወጥታ ስታይ ሥሩ ወደ ታች አልወረደም፤ እንደ ሰፌድ ጠፍጥፎ ተዘርግቷል። ከበታቹ ፌስታል በፌስታል ላይ ተነጥፏል፤ ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ የብስኩቱ ልባስ፣ የተበጠሰ የላስቲክ ጫማ። በእጇ ገለጥ ገለጥ ስታደርግ የወልደአማኑኤል ክኒኖች የወጡበት ባዶ መያዣ ብልጭ ብልጭ እያለ ወጣ። አንዱም አልበሰበሰ። እሱ አፈር ሆኖ የመድኃኒቱ መያዣ አዲስ ነበር።

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና፣ «ዓይን አይደለም፣ በሽታም አይደለም። እኔ ነኝ» አለች።

ወር ሙሉ ቆፈረች። አሥራ አንድ ጆንያ ላስቲክ ከአምስት እንሰት ሥር አወጣች። በዚያው ሰሞን ማራናታ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የዚሁ የሚዛን ልጅ፣ ሴቶቹን አንድ አቮካዶ ዛፍ ሥር ሰብስባ ስለ ቆሻሻ ታስተምር ነበር። የሚበሰብሰው ለብቻ፣ የማይበሰብሰው ለብቻ፣ የሚቆርጠውና የሚመርዘው ደግሞ ለብቻ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። «እኛ ልጆቻችንን ለይተን መጥራት አቅቶናል፣ ቆሻሻ ስንለይ ልንውል ነው?» አለች አንዷ። ያልሳቀችው የሺሃረግ ብቻ ናት። ሳቅ የሚመጣላት አልነበረም፤ ጥፍሯ ሥር ገና የላስቲክ ቁራጭ ነበረ።

ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ አስቆፈረች፣ ለሚበሰብሰው፤ አፈር ሲሆን እንሰቶቹን ታበላበታለች። ለፕላስቲክና ለቆርቆሮው ጆንያ ሰቀለች፤ ሲሞላ ለቁራሌው ትሰጠዋለች። ምላጭና የተሰበረ ጠርሙስ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ ክዳን ባለው የቀለም ቆርቆሮ ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የላትም፤ ለሌላውም ሰላም አልሰጠችም። እንግዳ የከረሜላ ወረቀት ጉድጓዱ ውስጥ ከጣለ ተከትላው ትሄዳለች። «ልጄ፣ አውጣው» ትላለች። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪ እየገፉ ሲመጡ፣ «የኔን ከዚያ ጋር አትቀላቅሉብኝ» ብላ መንገድ ትዘጋለች። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ባዶ ሃይላንድ ስትለቅም አንዷ፣ «የሺ፣ ለለቅሶ ነው የመጣሽው ለጠርሙስ?» ብትላት፣ «ለሁለቱም» አለች። «ሟቹን መመለስ አልችልም፤ ጠርሙሱን ግን ከቦይ ማስቀረት እችላለሁ።»

«የቆሻሻ ሚኒስትሯ» ብለው ስም አወጡላት። ቴፒ የቡና እርሻው ላይ የምትሠራው ልጇ ጽጌሬዳ ሳትቀር ሰምታ ደወለች።

«እማዬ፣ እዚህ ድረስ ተወራ እኮ!»

«ቴፒ ሚኒስትር የላትም እንዴ? ልምጣላችሁ?»

ባለፈው ክረምት እንሰቶቹ አዲስ ቅጠል አወጡ፤ ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ዝናብ ሲመታው ድም ድም የሚል። የሺሃረግ ከውስጥ ሆና ያን ድምፅ ስትሰማ ወልደአማኑኤል ወንበሩን እየጎተተ የሚወጣ ይመስላታል። ስድቡ ሁሉ ከዚያ ድምፅ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም።

ሽታው የመጣው በዚህ ሁሉ መሃል ነው። አመድ ጨመረች፣ ከቡና መፈልፈያው ደረቅ ገለባ እያስመጣች ከላይ ከላይ አለበሰች። አልተወውም። ዝንቡ በዛ። ከታች በኩል የሚኖረው ባየ መጀመሪያ በቀልድ፣ ቀጥሎ በቁጣ፣ በመጨረሻ በወረቀት ተናገረ። የሺሃረግም አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል፣ ምናልባት እውነታቸውን ይሆን? ትላለች። ምናልባት ይሄ ነገር ለመጽሐፍ እንጂ ለጓሮ አይሆን ይሆን?

አንድ ሰው ግን ከጎኗ ነበረች። ሱሀይላ። ከአጥሩ ማዶ አርባ ዓመት የኖረች ጎረቤቷ፣ የነጋዴው የናስር እናት። ወረቀቱን በሰማች ጊዜ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ፣ «ወላሂ እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም! ያ ጉድጓድ ያንቺ ብቻ ነው እንዴ? የሁላችንም ነው!» ብላ ጮኸች። የሺሃረግ ያኔ ነገሩን እንደ ፍቅር ብቻ ነበር የሰማችው።

ዓርብ ማታ ጽጌሬዳ ደግማ ደወለች። «እማዬ፣ ተዪውና ነይ። እዚህ ከኔ ጋር ትኖሪያለሽ። ለእንሰት ብለሽ ከሰው ጋር…»

«ለእንሰት ብዬ አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድነው?»

«ሃያ ዓመት አባትሽ እያየ ገድያቸዋለሁ። አሁን ሳድናቸው ደግሞ ባየ ይየኝ።» ስልኩን ዘጋች።

ቅዳሜ ጠዋት ባየ አካፋ የያዙ ሦስት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ማራናታም ተጠርታ ነበር፤ ፊቷ ጥቁር ብሏል፣ ያስተማረችው ነገር በዓይኗ ፊት ሊደፈን ነውና። መንደርተኛው አጥሩን ከብቦ ቆሟል። የሺሃረግ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ዱካ አኑራ ተቀምጣለች። የወልደአማኑኤልን የዝናብ ጫማ አድርጋለች፤ ሰፍቷት እግሯ ውስጡ ይዋኛል።

«እትዬ፣ እንግዲህ ይነሱልን» አለ ባየ።

«መጀመሪያ ይቆፈር።»

«ምን?»

«ሬሳ እንኳ ሲቀበር በምን ሞተ ይባላል። ምን እንደገደለው ሳላይ አልቀብረውም።» አካፋውን ከአንደኛው ሰው እጅ ላጥ አድርጋ ቆፈረች። ሰውየው እጁ ባዶውን ቀረ።

መሃሉ ደህና ነበር። ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ የጫካ አፈር የሚሸት። ማራናታ ጎንበስ ብላ ዘገነችና፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ ምንም አይልም!» አለች። በአጥሩ በኩል፣ ገለባው ከተቆለለበት ሥር ግን አካፋው አንድ ለስላሳ ነገር ነካ። ስትስበው ጥቁር ፌስታል። አፉ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል፣ ቋጠሮውም እንደ ስጦታ ጆሮ አውጥቶ አምሯል። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ማራናታ አንዱን ስትቀደው ሰዉ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። ውስጡ የማንጎና የሙዝ ልጣጭ ነው፤ አየር አጥቶ፣ ታፍኖ፣ ውሃ ሆኗል።

«ይኸው!» አለ ባየ። «ፌስታል አትጣሉ እያሉ መንደሩን ሁሉ ያስጨነቁት እርስዎ!»

የሺሃረግ ፌስታሉን አንጠልጥላ ቀረች። የሷ አይደለም። ግን ማን ያምናታል? ጉድጓዱ የሷ፣ አካፋው በሷ እጅ።

«እኔ ነኝ» አለ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ።

ሱሀይላ ነበረች። ሻሿ ከራሷ ወደ ትከሻዋ ወርዷል። «እኔ ነኝ የምጥለው፣ በአጥሩ ሽንቁር እየገባሁ። ከሱብሂ ሶላት ስመለስ፣ እሷ ሳትነሳ። ቅዱስ ሥራ ነው ብዬ፣ ልርዳት ብዬ። የሚበሰብስ ብቻ ነው ያደረግኩት፣ ወላሂ! አንድ ቆርቆሮ የለበትም!»

«ታዲያ ፌስታሉ?» አለች ማራናታ።

«ፌስታሉ ምን?»

«ለምን ቋጠርሽው፣ እማማ?»

ሱሀይላ የተጠየቀችው ጥያቄ ጭራሽ አልገባትም። «እንዴ! ቆሻሻ ራቁቱን ለሰው ይሰጣል እንዴ? ነውር አይደለም? እኔ ለጎረቤቴ ሽሮ እንኳ ሳልሸፍን ልኬ አላውቅም! በላዩም ገለባ አልብሼ ነው የምሄደው!»

አጥር ሥር ከቆሙት ሴቶች አንዷ በሳቅ ፈነዳች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ አካፋ የያዙት ወንዶች ሳይቀሩ ሳቁ። ሱሀይላ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የሺሃረግም አልሳቀችም። የምትለው ሁሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ አርባ ዓመት ጎረቤቴ ሆነሽ፣ ፊት ለፊት ለምን አልነገርሽኝም፣ አዋረድሽኝ። ግን ፌስታሉን አየችው። ምን ያህል ተጠንቅቃ ነው የቋጠረችው። ይቺም እጅ የለመደችውን ነው የሠራችው፤ የኔ እጅ ሃያ ዓመት እንዳደረገው፣ ብላ አሰበች።

ባየ ግን ሳቁ ሲበርድ ወረቀቱን አወጣ። «ማንም ይጣለው ማን፣ ሸቷል። ውሳኔው ውሳኔ ነው። ድፈኑት።»

የሺሃረግ ዱካዋን ወደ ጎን አስቀመጠችና ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። እስከ ጉልበቷ ገባች።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ነግሬህ ነበር እኮ፣ ሐሙስ ዕለት። እኔም ውስጡ ነኝ አላልኩህም?» አንዱን ፌስታል አንስታ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች። «ከሸተተህ ከዚያ ማዶ ቁም። የመጨረሻዋን ፌስታል ሳልፈታ ማንም አካፋ አያነሳም። ሠላሳም ይሁን መቶ፣ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ጆንያ ውስጥ አስገባታለሁ። ከዚያ በኋላ ከሸተተ ራሴ እደፍነዋለሁ፤ አንተን አላስቸግርም።»

«ሕግ አለ፣ እትዬ…»

«ሕጉ ሽታው ይጥፋ ይላል ወይስ የሺሃረግ ትጥፋ?»

በዚህ መሃል አጥሩ ተንኮሻኮሸ። ሱሀይላ ለአረፋ በዓል የምታደርገውን ጫማ አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሽንቁሩ በኩል እየተጎተተች መጣች። ማንንም ሳታይ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። የሺሃረግ ላይ ተንገዳገደች፣ ክንዷን ያዘችላት።

«ሁለት ጊዜ ለምን ትቋጥሪያለሽ ደግሞ» አለቻት የሺሃረግ። «ጥፍሬን ነቀልሽው።»

«እንዳይፈታ ነዋ።»

ባየ ወደ አካፋ ያዦቹ ዞረ። ከሦስቱ ታላቅየው ማቴዎስ አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈበት። «ጋሽ ባየ፣ ሁለት እናት ውስጥ እያሉ እኔ አፈር አልጥልም። አንተ ጣል፣ ይኸው አካፋው።» ባየ አካፋውን አየው፤ አልያዘውም። ማራናታ ቀስ ብላ፣ «ሁለት ሳምንት ስጧቸው። በኃላፊነት እኔ እፈርማለሁ» አለች። ወረቀቱ ጀርባ ላይ ፈረመች። ባየ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ፤ አልቀደደውም፣ ይቅርታም አላለም። «ሁለት ሳምንት!» ብሎ ጣቱን ቀስሮ ሄደ።

ሠላሳ አንድ ፌስታል ፈቱ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ማራናታ ጉድጓዱ ላይ ተደፍታ አሸተተች። ዝናብና አፈር ብቻ ነበር የሚሸተው። ዝንቡም ሄዷል።

አሁን አጥሩ ላይ፣ ያ ሽንቁር የነበረበት ቦታ፣ ክዳን የሌለው ባልዲ ተሰቅሏል። ሴቶቹ መጀመሪያ የመጡት በነጠላ ሸፍነው ነው፤ የሺሃረግ ግን በር ላይ ቆማ፣ «ግለጪው! ራቁቱን ካልሆነ አልቀበልም!» ትላለች። በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ፣ የሽንኩርት ልጣጫቸውን ለሰው ሁሉ እያሳዩ ያመጣሉ። ባጃጅ ነጂዎቹ ያፏጩባቸዋል። ሱሀይላ ከፊት ትሄዳለች፣ ሳፋዋን እንደ ሠርግ ስጦታ ከፍ አድርጋ፤ ላፏጨባት ሁሉ፣ «ና እናትህንም ላክ!» ትለዋለች።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ባየ መጣ። ሚስቱ ታማበት ነው የመጣው ብለው የሚያወሩ አሉ፤ ይሁን። ልጣጭ የሞላ ሳፋ ይዟል፣ ያልተሸፈነ፤ ፊቱን ግን ሳፋው የሱ እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ሌላ አዙሯል። የሺሃረግ ሳፋውን ተቀብላ በጣቷ ገለጥ ገለጥ አደረገች። ከድንች ልጣጩ መሃል አንዲት ቁራጭ ላስቲክ አወጣች፤ የጨው ፌስታል ጫፍ፣ ጥፍር የምታክል።

«ባየ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ይቺ ያንተ ናት» አለችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

ባየ ላስቲኳን አየ፣ እሷን አየ፣ የቆመው ሰው ሁሉ ሲያየው አየ። ከዚያ ወረቀቱን የከተተበት ኪስ ውስጥ ከተታት።

ከኋላዋ በእንሰቱ ቅጠል ላይ ዝናቡ ድም ድም ማለት ጀመረ። የሺሃረግ ሳፋውን ገልብጣ ባዶውን መለሰችለት። «ነገ ደግሞ ለይተህ አምጣ» አለችው።